ዕረፍት የማይፈውሰው ድካም



ሰው ሠርቶ ሲደክም ማረፍ፣ አርፎም መበርታት የተለመደ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉ እናት ማታ ጉልበታቸው ቢዝል፣ ጧት ግን ታድሰው ቢነሡ የሚያሳስብ ነገር የለም። የዛሬው ዓምዳችን የሚመለከተው ሌላ ዓይነት ድካም ነው፤ ሌሊቱን በሙሉ ተኝተው ሲነሡ እንዳልተኙ የሚያደርገውን፣ ሳምንት አልፎ ወር፣ ወርም አልፎ ዓመት የሚዘልቀውን፣ ምክንያቱ ያልታወቀውን ድካም።

መርካቶን የሚያውቅ የሴቷን ልፋት ያውቃል። ከበርበሬ በረንዳ እስከ ሸማ ተራ፣ ከእህል በረንዳ እስከ ምን አለሽ ተራ ድረስ ሴቷ ነጋዴ ገና ሳይነጋ ከቤቷ ወጥታ ስትመዝን፣ ስትሸጥና ስትከራከር ትውላለች። ማታ ደግሞ ልጅና ጓዳ ይጠብቋታል። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት «ደከመኝ» ብትል ማን ይደነቃል? ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ሁሉም ደካሚ በሆነበት ሰፈር የታመመችው ከደከመችው ሳትለይ ትቀራለች።

በርበሬ በረንዳ አካባቢ ቅመማ ቅመም የምትሸጥ አንዲት የሦስት ልጆች እናት ያጫወተችን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሦስተኛ ልጇን በወለደች በዓመቱ ገደማ ሰውነቷ እየከበዳት፣ ምግብ ሳትጨምር እየወፈረች ሄደች። ሌላው ሰው ፀሐዩን ሲሸሽ እሷ ሹራብ ደርባ ትቀመጥ ነበር። ሒሳብ በቃሏ ትይዝ የነበረችው ሴት የደንበኛ መልስ እየረሳች መጣች። ጎረቤቷ ያሉ ነጋዴ «አንቺ ልጅ፣ ተመችቶሻል መሰል፣ ወፈርሽሳ!» ሲሏት «ኧረ እትዬ፣ እኔስ እህል ሳይሆን እንቅልፍ ነው የሚርበኝ» ትላቸው ነበር። ባለቤቷ ስንፍና ነው አላት፤ አማቷ ደግሞ ዓይን ነው አሉ። በመጨረሻ ልጅ ልታስከትብ በሄደችበት ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ድምፅዋ መጎርነኑንና ፊቷ ማበጡን አይታ «እስቲ አንገትሽን ቀና አድርገሽ ምራቅሽን ዋጪ» አለቻት። ቀጥሎ የታዘዘው የደም ምርመራ የታይሮይድ ዕጢዋ ሥራውን ማዘግየቱን አሳየ።

ይህ ዕጢ ከማንቁርት በታች፣ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ አካል ነው። ሲያብጥ እንቅርት የምንለው እሱኑ ነው። ወደ ደም የሚልከው ሆርሞን ሰውነት የበላውን ምግብ ወደ ሙቀትና ጉልበት የሚለውጥበትን ፍጥነት ይወስናል። ሆርሞኑ ሲያንስ ሁሉም ነገር ይዘገያል፤ የልብ ምት ይቀንሳል፣ ብርድ ይበዛል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ የወር አበባ ይበዛል ወይም ይዛባል፣ ሐሳብ ይፈዛል፣ መንፈስም ይጨልማል። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፣ ሰውየውም እየበላ ይከሳል። የሚገርመው ግን ይህኛውም ድካም አለው።

የዕጢው ሥራ የሚቃወሰው በሁለት ዋና ዋና ምክንያቶች ነው። አንደኛው የአዮዲን እጥረት ነው። ሁለተኛው የሰውነት የመከላከያ ኃይል በስሕተት የራሱን ዕጢ ሲያጠቃ ነው፤ ይህኛው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብልጦ ይይዛል፣ ከወሊድ በኋላ ባለው ዓመትም ብቅ ሊል ይችላል። ዕጢው ሳያብጥ ሥራው የሚደክምበት ጊዜ አለ፤ አብጦም ሥራውን በደንብ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «አንገቴ ደህና ነው» ብሎ መዘናጋት፣ ወይም እንቅርት ያየ ሁሉ መደንገጥ ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ድካም ሁሉ የታይሮይድ ነው ማለት አይደለም። በእኛ አገር እናቶች ዘንድ የደም ማነስ እጅግ የተለመደ ነው። የስኳር በሽታ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ያልታወቀ እርግዝና፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ ያደክማሉ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እንደሚባለው ሁለቱ በአንድ ላይ የሚመጡበት ጊዜም አለ። ለዚህ ነው ግምት የማይበቃው። ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ደክሞኛል» ብቻ ብለው አይመለሱ። ድካሙ መቼ እንደ ጀመረዎት፣ ክብደትዎ እንዴት እንደ ሆነ፣ የወር አበባዎ መለወጥ አለመለወጡን፣ መቼ እንደ ወለዱ፣ በቤተ ሰብዎ እንቅርት ያለበት ሰው መኖር አለመኖሩን ይንገሩ። የደም ማነስና የስኳር ምርመራ ይጠይቁ፤ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነም ብለው ይጠይቁ። ምርመራው ቲ.ኤስ.ኤች. ይባላል፤ ከክንድ በሚቀዳ ጥቂት ደም ይታያል። ጤና ጣቢያው ከሌለው ወደ ሆስፒታል እንዲመራዎት ማድረግ ይቻላል።

ስለ ሕክምናው ብዙዎች ከሚፈሩት በላይ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ የታይሮይድ ዕጢ የተጨመቀ መድኃኒት ለአንዲት በዚህ ሕመም ለደከመች ሴት ሰጣት፤ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራለች። ዛሬ ያው ሆርሞን ሌቮታይሮክሲን በሚባል ትንሽ ክኒን ይሰጣል። ጧት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ይዋጣል። ቁርስም ሆነ ቡና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳልና። የደም ማነስ የአይረን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ያህል ይተዉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደም እንደ ገና ተመርምሮ መጠኑ ይስተካከላል። ቶሎ ለመዳን ወይም ለመክሳት ብሎ መጠን መጨመር ልብን ይጎዳል፣ አጥንትንም ያሳሳል። የጎረቤትን ክኒን መዋስም እንዲሁ ነው። እርጉዝ ከሆኑ ፈጽሞ አያቋርጡ፤ በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራልና ለሐኪምዎ ወዲያው ይንገሩ።

ሌላው ጉዳይ ከጓዳ የሚጀምር ነው፤ ጨው። ከ1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት በፊት የአገራችን የገበታ ጨው በብዛት ከቀይ ባሕር ዳር ይመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊቱ ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሲዞር አዮዲን ሳይጨመርበት ለዓመታት ተሸጠ። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤቶች በ15 ያህሉ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ደንብ ቁጥር 204 ወጥቶ የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ታዘዘ፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናትም ቁጥሩ ወደ 89 ከፍ አለ። ነገር ግን «አዮዲን አለበት» እና «በቂ አዮዲን አለበት» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በጆንያ ተከፍቶ ፀሐይና ዝናብ ሲመታው የሰነበተ ጨው አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። አሞሌውም ይኸው አዮዲን የለውም።

በመሆኑም ጨው ሲገዙ የታሸገውንና አዮዲን መጨመሩ የተጻፈበትን ይምረጡ። በክዳን ዕቃ፣ ከምድጃ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ፤ አይጠቡት፤ ወጥ ውስጥ የሚጨምሩትም ሊወጣ ሲል ይሁን። ይህ ማለት ጨው ያብዙ ማለት አይደለም፤ የደም ግፊት ያለበት ቤት ይጠንቀቅ። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮግራም፣ ለእርጉዝ ሴት 250 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ይህች ኢምንት ስትጎድል በማኅፀን ያለው ሕፃን አእምሮ እንዳይዳብር ታደርጋለችና ጉዳዩ የእናትየው ብቻ አይደለም።

ባሎችና አማቶችም ይህን ዓምድ የምታነቡ ከሆነ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ትጉህ የነበረች ሴት በድንገት ስትፈዝ፣ ስትተኛና ስትነጫነጭ ጠባይዋ ተለወጠ ከማለታችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ አብራችኋት ሂዱ። ጸሎቱና ጸበሉም ቢሆን ምርመራውን አይከለክልም።

ያቺ የበርበሬ በረንዳ እናት ክኒኑን ከጀመረች ወራት አልፈዋል። ድካም ጨርሶ አልጠፋላትም፤ መርካቶ ውስጥ እየሠሩ ድካም እንዴት ይጠፋል? አሁን ግን ተኝታ ስትነሣ ድካሟ ይለቃታል። እርስዎም ተኝተው የማይለቅዎ ድካም ካለብዎ በመጪው ሳምንት አንድ ቀን ለራስዎ ይስጡና ይመርመሩ።