ስድስት ጊዜ የተሸነፈው ይናገር

«ስድስት ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሶ ስድስቱንም የተሸነፈ ሰው ምን ሊያስተምረን ነው?» ይሉኛል። ጂሚ ዋይት በዩሮስፖርት ስኑከር መተንተን ከጀመረ ወዲህ ይህቺን ፌዝ የሚወረውር ጠፍቶ አያውቅም። በሰማኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እስቲ ፌዘኛው ራሱ ይመልስልኝ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1994፣ ሼፊልድ፣ ክሩሲብል ቲያትር፣ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ። ዋይትና ስቴፈን ሄንድሪ 17 ለ17 ናቸው፤ ዓለምን ያሸነፈ የሚለየው በአንዲት ፍሬም ነው። ጥቁሯ ኳስ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። ዋይት በልጅነቱ ከትምህርት ቤት እየፎረፈ ይውልበት በነበረው የደቡብ ለንደን ስኑከር ቤት እንዲህ ያለችውን ስንቴ አስገብቷል! በግራ እጁ ስቴካውን ሳበ፣ ቸኮለ፣ ሳታት። ሄንድሪ ከወንበሩ ተነሳ፤ 58 ነጥብ ለቃቅሞ ዋንጫውን ወሰደ። ዋይት የዚያን ዕለት 32 ዓመቱን ደፍኖ ነበር።

ታዲያ ዛሬ አንድ ወጣት እዚያው አዳራሽ እንዲህ ያለች ኳስ ፊት ሲያጎነብስ፣ ክንዱ ውስጥ የሚሆነውን ከዚህ ሰው የበለጠ ማን ይነግረኛል? ባለ ሰባት ዋንጫው ሄንድሪ እንዳትሉኝ። እሱም ጡረታ ወጥቶ ማይክ ጨብጧል፤ የትኛው ኳስ ቀድሞ መመታት እንዳለበት ሲናገር እሰማዋለሁ። ጆሮዬን የምሰጠው ግን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ክንዱ አልታዘዝ ብሎት ስቴካውን ቀጥ አድርጎ መግፋት እንዳቃተው ሲያወራ ነው። አያችሁ? ሻምፒዮኑም ቢሆን ልብ የሚነካው ከውድቀቱ ሲናገር ነው።

ደግሞ ዋይትን ከንቱ ተሸናፊ የሚያደርጉት ነገር አይገባኝም። በ1980 የዓለም አማተር ሻምፒዮን ነበር። በ1992 ክሩሲብል ላይ የስኑከር ከፍተኛ ነጥብ የሚባለውን 147 በአንድ ተራ ሠራ፤ ከእሱ በፊት ይህን እዚያ ያደረገ አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያው ውድድር ፍጻሜ 14 ለ8 ሲመራ ቆይቶ አሥር ፍሬም በተከታታይ ተነጠቀ! በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰማይንም ምድርንም የነካ ሰው ዝም ይበል ነው የምትሉት?

አንደበተ ርቱዕ ነው አልልም። ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ጥሎት ይሄዳል፤ ጨዋታው ካማረው ተንታኝነቱን ረስቶ ደጋፊ ይሆናል። ይሁን! ቃላት የሚያሳምር ጋዜጠኛ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ስንት ዋንጫ እንዳለው ማወቅ ለሚፈልግም ስክሪኑ ላይ ሠንጠረዥ አለለት። እኔ በመጪው ሚያዝያ ፍጻሜው 17 ለ17 ከደረሰ፣ ድምፅ የምጨምረው ጥቁሯን ስቶ ለሚያውቅ ሰው ነው። ዋንጫ ቆጣሪው ቻናሉን ይቀይር።