የቴሌስኮፕ መስተዋት የምታቀዘቅዘው ማራገቢያ

አይዛክ ኒውተን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1668 ዓ.ም. በሠራው ዓይነት ቴሌስኮፕ ብርሃንን የሚሰበስበው ጎድጓዳ መስተዋት ነው። መስተዋቱም ወፍራም ስለ ሆነ የቤቱን ሙቀት ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከፊቱ ሞቃት አየር እየተነሣ ይርገበገባል፤ ጁፒተርን ሊያይ የጓጓ ልጅም የሚንቀጠቀጥ ነጭ ክብ ብቻ ያያል። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ይተወዋል፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ከመስተዋቱ ጀርባ የምትገጠም ትንሽ ማራገቢያ ናት፤ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣች ባለ 12 ቮልት ትበቃለች። ብዙውን ጊዜ የምትወስደው 0.1 ወይም 0.2 አምፔር ነውና ባለ 1.5 ቮልት 8 የባትሪ ድንጋዮች ተቀጣጥለው ያዞሯታል። 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የታሸገ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን ይሻላል፤ ከግማሽ በታች ሳይወርድ እንኳ በ0.2 አምፔር 17 ሰዓት ያህል ያገለግላል። ቀዩ ሽቦ ከፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጋቲቭ ይያያዝ፤ ሁለቱ ቢነካኩ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በቀዩ ላይ ትንሽ ፊውዝ ይግባበት።

አንዳንድ አባቶች የቤቱን 220 ቮልት በረጅም ሽቦ ወደ ግቢው ይስባሉ። ጤዛ ባረፈበት ሣር ላይ ልጆች በጨለማ ሲመላለሱ ይህ ከቶ የሚደፈር አይደለም።

ማራገቢያይቱ ምስሉን ካንቀጠቀጠች በ6 ድንጋዮች፣ ማለት በ9 ቮልት፣ ዝግ ብላ ትዙር፤ ወይም በላስቲክ ትንጠልጠል። ከምልከታው አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ማስነሣት ነው።