«ዋጋህን ጥራ»፤ ስለ ሆቴል ክፍል ጨረታ

ዋጋ መጥራት ለሀገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በመርካቶም ሆነ በየገጠሩ ገበያ ሻጭ ዋጋ ይጠራል፤ ገዢም «ቀንስ» ይላል፤ ዕቃውን በመካከላቸው አስቀምጠው፥ ፊት ለፊት እየተያዩ ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ይስማማሉ፥ ወይም በሰላም ይለያያሉ። ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ገበያ ግን ሥርዓቱ የተገለበጠ ነው። አስቀድሞ ዋጋ የሚጠራው ገዢው ነው፤ ሻጩ አይታይም፤ የዕቃውም ማንነት የሚገለጠው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው። ይኸውም የታወቁ የጥንት ሆቴሎችን ክፍል በቅናሽ ለመያዝ በኢንተርኔት ሲደረግ የኖረው ጨረታ ነው።

ነገሩ ሥራ ፈት መንገደኞችን ብቻ የሚመለከት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በብዙ ከተሞች ተበትነው ስለሚገኙ፥ ለክርስትና፥ ለሠርግ፥ ለልቅሶም ከከተማ ወደ ከተማ የሚጓዘው ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ዘመድ ቤት ቦታ ሲጠብብ ሆቴል መያዝ ግድ ይሆናል፤ የሁለት ሌሊት ኪራይም የወሩን አስቤዛ ሊያናጋ ይችላል። ስለዚህ የዚህን ገበያ ጠባይ ማወቅ ለቤት አስተዳዳሪ የሚጠቅም ነው ብለን እናምናለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጄይ ዎከር የተባለው አሜሪካዊ ያቋቋመው ፕራይስላይን የሚባለው ድርጅት በ1998 ሥራውን ጀመረ፤ «ዋጋህን ራስህ ጥራ» የሚለውንም ዘዴ መጀመሪያ ለአውሮፕላን ቲኬት፥ ቀጥሎም ለሆቴል ክፍል አዋለው። አሠራሩም እንዲህ ነበር። ገዢው ከተማውን፥ የከተማውን ሠፈር፥ የሆቴሉን ደረጃ በኮከብ ቁጥር ይመርጣል፤ የሚከፍለውን ዋጋ ጽፎ የባንክ ካርዱን ቁጥር ይሰጣል። ዋጋውን የተቀበለ ሆቴል ከተገኘ ገንዘቡ ወዲያው ይቆረጣል፤ የሆቴሉም ስም ያን ጊዜ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ መመለስም መለወጥም የለም። ካልተገኘ ደግሞ ገዢው ሌላ ሠፈር ጨምሮ ወይም ደረጃውን ለውጦ እንደገና ይጠራል፤ ያለዚያ አንድ ቀን ይጠብቃል። ብልሆች ግን የመረጡት ደረጃ ሆቴል የሌለበትን ሠፈር እየፈለጉ ይጨምሩ ነበር፤ ምርጫቸው ሳይለወጥ ዋጋቸውን ደጋግመው ለመጥራት ይህ መንገድ ከፈተላቸው።

ባለሆቴሎችስ ለምን ተስማሙ? ምክንያቱን ለመረዳት የክፍልን ጠባይ መመልከት ይበቃል። ጨው ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል፤ ዛሬ ባዶውን ያደረ ክፍል ግን የዛሬውን ኪራይ ነገ አያገኝም። ከባዶ ያነሰ ዋጋ ይሻላል። ነገር ግን ባለሆቴሉ ቅናሹን በአደባባይ ቢያውጅ ሙሉ ዋጋ የሚከፍለው እንግዳ ሁሉ «ለእኔስ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ስሙን ደብቆ በቅናሽ ይሸጣል። የስሙ መደበቅ ለባለሆቴሉ ክብር መጠበቂያ፥ ለገዢው ደግሞ የቅናሹ ዋጋ ነው።

በመካከለኛው ከተማ የሚገኙ ታላላቅ የጥንት ሆቴሎች በዚህ ገበያ መገኘታቸውም አያስደንቅም። የቺካጎውን ፓልመር ሀውስ እንመልከት። የመጀመሪያው ሕንጻ በ1871 በተከፈተ በ13ኛው ቀን በታላቁ የቺካጎ ቃጠሎ ወደመ፤ ባለቤቱ ፖተር ፓልመር ግን ተስፋ ሳይቆርጥ እንደገና ሠራው። ዛሬ የሚታየው ሕንጻ በ1920ዎቹ የታነጸ ሲሆን ከ1,600 በላይ ክፍሎች አሉት። ይህን የሚያህል ቤት የጉባኤ እንግዳ ሲመጣ ይሞላል፥ ዋጋውም ይወደዳል፤ በጥርና በየካቲት ብርድ ግን ያን ሁሉ አልጋ መሙላት ቀላል አይደለም። የቅናሽ ወቅት እንዲህ ያለው ነው።

የጥንት ቤት ስሙ ብቻ አያቆመውም። በኒውዮርክ የነበረው ሆቴል ፔንሲልቬኒያ በ1919 ተከፍቶ 2,200 ክፍሎች የነበሩት ታላቅ ቤት ነበር፤ በ2020 ተዘጋ፥ በ2023ም ፈርሶ አለቀ። በዋሽንግተን የሚገኘው ዊላርድ ደግሞ፥ አብርሃም ሊንከን በ1861 በዓለ ሢመቱ ሳይደርስ ያረፈበት ስም ሆኖ ሳለ፥ በ1968 ተዘግቶ እስከ 1986 ድረስ እንግዳ ሳይቀበል ቆይቷል። ባዶ ክፍል ለታሪካዊ ቤት የቀስታ ሞት ነውና፥ በቅናሽ ያደረ እንግዳ ቤቱን እንደ ዘረፈ ራሱን አይቍጠር። ይልቅስ አልጋውን የምታነጥፈው ሴት ድካሟ በግማሽ እንዳልተቀነሰ አስቦ፥ በሀገሩ ልማድ የሚሰጠውን ጉርሻ አይንፈጋት።

ይሁን እንጂ ይህ ገበያ እንደ ቀድሞው አይደለም። ፕራይስላይን ለአውሮፕላን ቲኬት የነበረውን የዋጋ ጥሪ በ2016 አቆመ፤ የሆቴሉም በኋላ ቀርቷል። ዛሬ በፕራይስላይንና ሆትዋየር በሚባለው ድርጅት ዘንድ የቀረው ዋጋው ተገልጦ ስሙ ብቻ የሚደበቅበት ሽያጭ ነው። ጨረታ በአንድ ሌላ በኩል ገብቷል፤ አንዳንድ ሆቴሎች ክፍል ለያዘ እንግዳ ደብዳቤ ልከው፥ ለተሻለ ክፍል ምን ያህል እንደሚጨምር ይጠይቁታል። በዚህኛው የሚከፈለው ጥሪው ተቀባይነት ሲያገኝ ነው፤ ባያገኝም ቀድሞ የያዘው ክፍል ይጠበቅለታል።

እንግዲህ ስሙ ያልተነገረ ክፍል ለመግዛት የሚያስብ የቤት አባት ወይም እናት አራት ነገሮችን ያስተውል።

አንደኛ፥ ገንዘቡ አይመለስም። ጉዞው በቪዛ፥ በሕመም፥ በሥራ ፈቃድ የሚወሰን ከሆነ፥ ጥቂት ተወድዶም ሊሰረዝ የሚችለው ክፍል ይሻላል።

ሁለተኛ፥ እንዲህ ያለው ክፍል እንደ ደንቡ የሚረጋገጠው ለሁለት አዋቂዎች ብቻ ነው፤ የአልጋው ዓይነትም አስቀድሞ አይታወቅም። ከሀገር ቤት የመጡ አያትና ሦስት ልጆች ያሉበት ቤተ ሰብ በአንድ አልጋ ፊት ሲደርስ ቅናሹ ወደ ጭንቀት ይለወጣል። በጥንት ሆቴል ደግሞ ክፍሎች እኩል አይደሉም፤ በርካሽ ለገባ እንግዳ ጠባቡ፥ መስኮቱም ወደ ግድግዳ የሚያየው ክፍል ሊደርሰው ይችላል።

ሦስተኛ፥ ከዋጋው በላይ ያለውን ዋጋ መቍጠር ይገባል። በአሜሪካ ሆቴሎች «የአገልግሎት» እያሉ የሚጨምሩትን የግዴታ ክፍያ ከመጀመሪያው ጠቅላላ ዋጋ ጋር እንዲያሳዩ የሚያዝዝ የፌዴራል ደንብ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ግብርና የመኪና ማቆሚያ ግን ለብቻ ሊመጡ ይችላሉ። ለምሳሌ በግልጽ 180 ዶላር የሚጠየቅበት ክፍል በድብቅ በ130 ተገኘ እንበል፤ በመካከለኛው ከተማ መኪና ለማቆም በሌሊት 50 ዶላር የሚከፍል ሰው፥ ነጻ ማቆሚያ ካለው የዳር ከተማ ማረፊያ ጋር ሳያመዛዝን «አተረፍሁ» ማለት አይችልም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው፥ የዋጋው ልክ ከቤት ይቆረጥ። በመርካቶ ገዢ የሻጩን ፊት እያየ ልኩን ያውቃል፤ በዚህኛው ገበያ ግን አንዱ ወገን ብቻ ያውቃል፥ ሌላው ይገምታል። ስለዚህ ጥሪው ወዲያው የተሳካለት ሰው «ከዚህም ዝቅ ብል ኖሮ» እያለ ይጸጸታል፤ ያልተሳካለት ደግሞ በእልህ ዶላር በዶላር ላይ እየጨመረ ካሰበው ያልፋል። ባልና ሚስት አስቀድመው ተመካክረው «ለሁለት ሌሊት ከዚህ አናልፍም» ብለው ቍጥሩን በወረቀት ቢጽፉ፥ ከሁለቱም ይድናሉ። በልኩ ውስጥ ከተገኘ ይደሰቱ፤ ሌላው በስንት እንዳገኘ አይጠይቁ። ካልተገኘ ደግሞ ስሙ የታወቀ፥ አልጋው የተቈጠረ መጠነኛ ማረፊያ ይያዙ፤ ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ የሚሄድ ሰው በሰዓቱ መድረሱ እንጂ ያረፈበት ቤት ዝና አይጠየቅምና።