«እንዲህ ያለውን ልጅ ለምን አመጣሽው?»



በዚህ ዓምዳችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጎረቤት ሐቅና ስለ ወላጆች ኃላፊነት ስንጨዋወት ቆይተናል። የዛሬው ጨዋታችን የሚነሣው ግን ከወደ አሜሪካ፣ ያውም ከቴአትር አዳራሽ ነው። «የመስጊድ ሰው ከቴአትር ቤት ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ስለ ዜማና ስለ ሙዚቃ ዑለማዎቻችን የተናገሩት የታወቀ በመሆኑ እዚያ ውስጥ አንገባም። የምንነጋገረው መድረክ ላይ ስለወጡት ሳይሆን ወንበር ላይ ስለተቀመጡት ሰዎች ነው። እነሱ ያደረጉት ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዲዝኒ ኩባንያ በ1994 «ላየን ኪንግ» የተሰኘውን የልጆች ፊልም ማሳየቱን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አባቱ በገዛ አጎቱ ተንኮል የተገደለበት ግልገል አንበሳ ከአገሩ ተሰዶ፣ አድጎና በርትቶ የሚመለስበት ታሪክ ነው። ይኸው ፊልም ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ተለውጦ ከ1997 ጀምሮ በኒውዮርክ ከተማ መታየት ጀመረ። አዘጋጇ ጁሊ ቴይሞር የምትባል ሴት ስትሆን፣ የአፍሪካ ቋንቋ ዝማሬዎቹን ካዘጋጁት መካከል ደቡብ አፍሪካዊው ሌቦ ኤም ይገኝበታል። ከዚያ ወዲህ ተውኔቱ በብዙ አገሮች ተዘዋውሮ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተመልክተውታል።

ትርኢቱ ሲጀምር ፀሐይ መድረኩ ላይ ትወጣለች፤ በዙሉ ቋንቋ ከፍ ያለ ጥሪ ይሰማል። ወዲያው የዝሆንና የልዩ ልዩ እንስሳት አሻንጉሊት ያጠለቁ ተዋንያን በተመልካቹ መካከል ባለው መተላለፊያ እየተጓዙ ወደ መድረኩ ይወጣሉ። ከበሮው ከግራና ከቀኝ ይመታል። ልጆች ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ ዕንባቸው የሚመጣ አዋቂዎችም አሉ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ደስታ ሲሆን ለሌላው ጭንቅ ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ የከበሮው ድምፅ እንደ ሕመም ሊሰማው፣ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራትም ሊያስደነግጠው ይችላል። በዚህ ጊዜ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፣ ይወዛወዛል ወይም ተነሥቶ ይሮጣል። ወላጆቹም የሰው ዐይን እየፈሩ ቤታቸው ይቀራሉ።

በዚህ ሁኔታ ሳለ በጥቅምት ወር 2011 ቴአትር ዴቨሎፕመንት ፈንድ የተባለ የኒውዮርክ በጎ አድራጎት ድርጅት አንድ ሐሳብ አመጣ። የአንዱን ቀን ትርኢት መቀመጫ በሙሉ ገዝቶ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች በቅናሽ ሸጠላቸው። ቦታው ወደ 1,700 ሰው የሚይዘው ሚንስኮፍ ቴአትር ነበር። ተውኔቱ አልተቆረጠም፣ ታሪኩም አልተለወጠም። የተለወጠው አቀራረቡ ነው። ከፍተኛ የነበረው ድምፅ ዝቅ ተደረገ፤ ዐይን የሚያጭበረብረው መብራት ተቀነሰ። ልጆቹ ምን እንደሚያዩ አስቀድመው እንዲያውቁ በሥዕል የተደገፈ ጽሑፍ ለቤተሰቦቹ ተዘጋጀ። ከአዳራሹ ውጭ የተጨነቀ ልጅ ዐረፍ የሚልበት ጸጥ ያለ ሥፍራ ተሰናዳ፤ ስለ ጉዳዩ የሚያውቁ ረዳቶችም ተመደቡ።

በዕለቱ የታየው ነገር የሚገርም ነው። ልጆቹ በመካከሉ ጮኹ፣ ቆሙ፣ ወጡ፣ ተመለሱም። ግን «ዝም አሰኚው!» ያለ አልነበረም፤ ዞሮ የገላመጠም አልነበረም። ብዙ ቤተሰቦች አባትም እናትም ልጆችም አንድ ላይ ተቀምጠው ትርኢት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ነገሩ ሰምሮ በተከታዩ ዓመት «ሜሪ ፖፒንስ» የተባለው፣ እርሱም ከቤተሰብ ፊልም የመጣ ተውኔት፣ በዚሁ ዓይነት ታየ። ሌሎችም ቀጠሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ግን አላለቀም።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 2015፣ በዚያው በኒውዮርክ ከተማ «ዘ ኪንግ ኤንድ አይ» የተባለ ሌላ ሙዚቃዊ ተውኔት ይታይ ነበር። ቀኑ ልዩ ቀን ሳይሆን እንደ ማንኛውም ቀን ነበር። ሰው በጅራፍ የሚገረፍበት ትዕይንት ላይ ሲደረስ ኦቲዝም ያለበት አንድ ልጅ ከተመልካቹ መካከል ጮኸ። ተመልካቹ ተቆጣ፤ ልጁም ይውጣ ተባለ። «እንዲህ ያለውን ልጅ ለምን ወደ ቴአትር ታመጫለሽ?» የሚል ድምፅም ተሰማ። እናቲቱ ልታወጣው እየታገለች ነበር፤ እሱ ግን የደረጃውን ብረት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ እምቢ አለ።

ይህን ሁሉ መድረክ ላይ ሆኖ ያይ የነበረው ኬልቪን ሙን ሎህ የተባለ ተዋናይ ወደ ቤቱ ሲመለስ ስሜቱን በይፋ ጻፈ። መናደዱን አልደበቀም፤ የተናደደው ግን ትርኢቱ ስለ ተረበሸ ሳይሆን ተመልካቹ በእናቲቱ ላይ ስለ ተነሣባት ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት እዚያው ትዕይንት ላይ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሕፃን ደንግጣ ጮኻ ስታለቅስ ማንም እንዳልተናገራት አስታወሰ፤ የአሁኑስ በምን ይለያል ብሎም ጠየቀ። እናቲቱን ደፋር ሲል አሞገሳት። ቴአትር ቤት ለሁሉም ቤተሰብ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ሁለቱን ቀኖች አስተያዩአቸው። ከተማው አንድ ነው፤ የልጆቹም ጠባይ አንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የእናትን ጭንቅ የሚያውቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን የነበሩት ግን አላወቁም፤ የነገራቸውም አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በአንድ የረመዷን ምሽት፣ ተራዊሕ እየተሰገደ ሳለ፣ ከሴቶች ክፍል የልጅ ጩኸት ተሰማ። ጩኸቱ የሕፃን ለቅሶ ሳይሆን የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። አንድ ቃል እየደጋገመ ይጮኻል። ኢማሙ ሲያሰላምቱ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። «አስተዳደግ የጎደለው!» ያለ ነበር፤ «ምን ሊያደርግ መጣ?» ያለም ነበር። ሐቁን እንናገር ካልን እኛም ከገላመጡት መካከል ነበርን። እናቲቱ ልጇን አቅፋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች። በማግስቱም ሆነ በዒድ ቀን አላየናትም። ልጁ ኦቲዝም እንዳለበት የሰማነው ከወራት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የኒውዮርኩ ጥያቄ ከእኛም አፍ መውጣቱ ገባን። እነሱ የተቆጡት ገንዘብ ስለ ከፈሉበት ትርኢት ነው። እኛ ግን የአላህ ቤት ውስጥ ሆነን፣ የአላህን ባሪያ ነው ያስወጣነው።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድን ነው? ገና ከልጅነት የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ሊዮ ካነር የተባሉ ሐኪም በ1943 በሰፊው ከጻፉበት ወዲህ ለብዙ ዓመታት «እናቲቱ ፍቅር ስለ ነፈገችው ነው» የሚል ሐሳብ በሐኪሞች ዘንድ ሳይቀር ይነገር ነበር። ይህ ሐሳብ ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። የእናት ጥፋት አይደለም፤ የአስተዳደግም ጉድለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደ ነበረበት ገምቷል። በዚህ ስሌት ሺህ ሰው በሚሰባሰብበት አካባቢ ሰባት ስምንት ይኖራሉ ማለት ነው። ታዲያ በመስጊዳችን የማናያቸው የት ሄደው ነው? ቤት ተዘግቶባቸው አይደለምን?

በአገራችን ይህን በር ካንኳኩት መካከል ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይገኙበታል። የገዛ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ከተቸገሩ በኋላ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት እስኪለዩ ድረስም «ልጆቻችሁን አትደብቁ» እያሉ ኖረዋል።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ጉዳይ ከቴአትር ቤት ትምህርት የምንበደር መሆናችን ራሱ ሊያሳፍረን ይገባል። መምህራችን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላት ሊያስረዝሙ አስበው ሳለ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ፣ የእናቱን ጭንቀት ስለሚያውቁ ያሳጥሩ እንደ ነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ እንበል፤ እናቲቱን ውጪ አላሏትም፣ ሶላቱን ነው ያሳጠሩላት። የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧት፣ ሲቆሙም ያነሷት ነበር። የልጅ ልጃቸው ጀርባቸው ላይ በወጣ ጊዜም ላለማቻኮል ብለው ሱጁዱን ማርዘማቸውን ነሳኢ ዘግበዋል። መስጊድ ውስጥ የሸና አንድ ገጠሬ ሰው ላይ ሶሃቦች ሊነሡበት ሲሉ «ተዉት» ብለው ከልክለው፣ በሥፍራው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስ ብቻ አዘዙ። ዓይነ ስውሩ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም መጥቶ ሳለ ፊታቸውን ባዞሩበት ጊዜም ጌታችን በሱረቱ ዐበሰ ወቅሷቸዋል። ያ ሰው ኋላ ከነቢዩ ሙአዚኖች አንዱ ሆኗል።

«ግን እኮ የሰጋጁስ ኹሹዕ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ሰጋጅ በጸጥታ የመስገድ ሐቅ አለው። ጥያቄው የአንዱን ሐቅ ለመጠበቅ የሌላውን ቤት መዝጋት ግዴታ ነውን? የሚል ነው። የኒውዮርክ ሰዎች ለኦቲዝም ልጆች የተለየ ቀን ሰጡ። እኛ ግን የተለየ ጁሙዓ፣ የተለየ ዒድ የለንም፤ ሁላችንም በአንድ ሰፍ እንቆማለን። ስለዚህ እኛ የሚያስፈልገን ያ ተዋናይ የጠየቀው ዓይነት ነገር፣ በማንኛውም ቀን የሚሠራ መተሳሰብ ነው።

በሥራ የሚገለጽ ጥቂት ሐሳብ እናቅርብ። የመስጊድ ኮሚቴዎች ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ፣ ለበር የቀረበ አንድ ጥግ በሴቶችም በወንዶችም ክፍል ቢለዩ ወጪ የለውም። ልጁ ሲጨነቅ የሚወጣበት አንድ ትንሽ ክፍል ቢኖር ደግሞ ይበልጥ መልካም ነው። ኢማሞቻችን ተክቢራ ከማድረጋቸው በፊት «በመካከላችን የሚጮኽ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ በጥፋት አይደለምና ቤተሰቡን አታሳቅቁ» ብለው ሁለት ቃል ቢናገሩ የብዙ እናቶችን ልብ ያሳርፋሉ። ወላጆችም ልጃቸውን በመጀመሪያ ቀን ለጁሙዓ ሕዝብ ከማቅረብ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት አምጥተው ጫማ የሚወለቅበትን፣ ዉዱእ የሚደረግበትንና ሰፉን ቢያለማምዱት ይቀላል። የቤቱን መንገድና መስጊዱን በሥዕል አስቀድሞ ማሳየትም ይጠቅማል። ወጣቶች ደግሞ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ለዚህ ጉዳይ ብትመደቡ፣ እናት ወይም አባት ሶላታቸውን እስኪጨርሱ ልጁን አጅባችሁ ግቢ ውስጥ ብታንሸራሽሩት፣ አጅሩ ቀላል አይምሰላችሁ።

ይህ ሁሉ ባይቻል እንኳ አንድ ነገር ሁላችንም እንችላለን። ከኋላችን ጩኸት ስንሰማ፣ ካሰላመትን በኋላ ለመገላመጥ አንዙር። ከዞርንም «አይዞሽ እህቴ፣ ነገም ይዘሽው ነይ» ለማለት ይሁን።

እኛም ያቺን እናት ቤቷ ድረስ ሄደን ዐውፍ ጠይቀናታል። ሻይ አቅርባልን በጥሞና ካዳመጠችን በኋላ፣ «እኔን ሳይሆን ልጁን ጠይቁት፤ እሱ አዛን በሰማ ቁጥር ዛሬም ጫማውን ይፈልጋል» አለችን። መልስ አልነበረንም። ለልጁ የሚሆን ጥግ መስጊዱ ውስጥ እንዲለይ ለኮሚቴው አመልክተን እየተጠባበቅን ነው። ኢንሻአላህ የደረስንበትን እንነግራችኋለን።

አላህ ልባችንን ያለስልስልን። ደካሞቻችንን የምናከብር ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።