የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

ውጭ አገር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ልጆቻችሁ የሚያሳድጓቸውን እንሽላሊቶች ፎቶ ስትልኩልኝ ደስ ይለኛል። ያኔ እንሽላሊት ሲታይ ወንበር ላይ ትወጡ የነበራችሁ ዛሬ ዋተር ድራገን ሳሎን ውስጥ አስቀምጣችኋል፤ ጉድ ነው! አንድ ነገር ግን በብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ ስለማየው ዝም ማለት አልቻልኩም። ውሃው።

አሁን ፋሽኑ መስታወት ሳጥን ውስጥ እውነተኛ አፈር አልብሶ ተክል ማብቀል፣ ከታች ኩሬ መሥራት፣ በፓምፕ ፏፏቴ ማውረድ ነው። ያምራል፣ አልካድኩም። "ራሱን በራሱ ያጸዳል" መባሉን ግን አልቀበልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋተር ድራገን በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዝና ጅረት ዳር የሚኖር፣ ከነጅራቱ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ እንስሳ ነው። በሚጠጣውና በሚዋኝበት ውሃ ውስጥ መጸዳዳትም ይወዳል። እንደ ዶሮ ኩስ ነጭ ነገር አለበት አይደል? ያ ዩሪክ አሲድ ነው። ባክቴሪያ ሲያፈራርሰው አሞኒያ ይሆናል፤ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። የናይትሮጅን ዑደት ብዬ ያስጻፍኳችሁ ትዝ አላችሁ? የፊልተር አንዱ ትልቅ ሥራ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች መኖሪያ መሆን ነው። አዲስ ፊልተር ላይ እስኪራቡ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል።

ልብ በሉ፤ ቆሻሻው ተቀየረ እንጂ አልወጣም። ወንዝ የገባበትን ይዞ ይሄዳል። ሳጥኑ ግን ዝግ ነው። ፖቶስ ሥሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ናይትሬቱን ይመጣል፣ እውነት ነው። ሳልሞኔላን ግን አያጠፋም። ብዙ ተሳቢ እንስሳት ይህን ጀርም ራሳቸው ሳይታመሙ ይዘውት ይኖራሉ፤ የሚታመመው እጁን ውሃው ውስጥ ከትቶ አፉ ውስጥ የሚያደርገው ሕፃን ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ድንጋያቸው ከ4 ኢንች ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ የከለከለችው ሕፃናት በዚሁ ጀርም ስለታመሙ ነው። የዚያ ሁሉ ሕፃን ኤሊ ውሃው የደፈረሰ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ጀርም በዓይን አይታይም።

"እኔ እኮ በየቀኑ ውሃ እጨምራለሁ" የምትሉም አላችሁ። መጨመር መቀየር አይደለም። አፍዴራ ላይ ጨው እንዴት ይመረታል? ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ኩሬያችሁም እንደዚያው ነው፤ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ በላዩ ላይ ስትጨምሩ የቀረው እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ ኩሬው ይቅርና የሚነሳ ገንዳ ይግባ። እንስሳው ሙሉ ሰውነቱን የሚነክርበት ሰፊ ይሁን፣ ግን አንስታችሁ የምትደፉት። በየቀኑ ድፉት፣ በሳሙና እጠቡት፣ ሳሙናው እስኪለቅ አለቅልቁት። ሳህን በምታጥቡበት ወጥ ቤት ውስጥ ግን በፍጹም! ውበቱ ይቀንሳል ካላችሁ ዙሪያውን ተክልና ድንጋይ ደርድሩበት፣ ገንዳው አይታይም።

ኩሬዬን አልተውም ለምትሉ፦ ኩሱን ባያችሁት ሰዓት አውጡ። በየሳምንቱ ውሃውን በቱቦ እየሳባችሁ በከፊል ቀይሩ። የፊልተሩን ስፖንጅ ከኩሬው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት እንጂ ቧንቧ ሥር አትያዙት፤ ክሎሪኑ ያራባችኋቸውን ባክቴሪያዎች ይገድላል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ "ውሃውን ካሳደርኩት ክሎሪኑ ይበናል" አትበሉ። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በአብዛኛው የሚጠቀመው ክሎራሚን ነው፤ እሱ በማሳደር አይለቅም፣ ማርከሻ ጠብታ ይፈልጋል። ከአፈሩ ሥር የሚጠራቀመውንም ውሃ አትርሱ። እሱ ከፍ ብሎ ሥሩን ከነካ ተክሉ ይበሰብሳል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታም ይመጣል።

ይህን ሁሉ ለልጁ አትተዉለት። ልጁ ይየው፣ ይውደደው፣ ካየው በኋላ እጁን ይታጠብ። ከ5 ዓመት በታች ከሆነ ባይነካው ይሻላል። ውሃው የአዋቂ ሥራ ነው። ባልዲ የሚሸከም ሰው ቤታችሁ ከሌለ ደግሞ እንስሳውን ባትገዙት ነው የምመክራችሁ።

የማትስማሙ ጻፉልኝ። ክፍል ውስጥም ትከራከሩኝ ነበር፣ ለምጄዋለሁ።