ግልጽ ደብዳቤ ለድሬዳዋ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ ከሳሎን ያልወጣው የሲጋራ ጭስ

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ድሬዳዋ በሯን ገርበብ ታደርጋለች። ከከዚራ እስከ ገንደ ቆሬ ሙቀቱ መንገዱን ያራቁተዋል፤ ሰዉም ወደ ጥላ፣ ወደ ቤቱ ይገባል። በብዙ ቤት ፍራሽ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ጫቱ ከነውሃውና ከነሻዩ ይቀርባል። ቬንትሌተሩ ይዞራል። ከዚያ ሲጋራ ይለኮሳል። በሌላ ሰዓት የማያጨሰው እንኳ ምርቃናው ሲመጣ እጁን ይዘረጋል። ከቤቱ ልጆች አንዱ ይጠራና «ሂድ፣ ሁለት ፍሬ አምጣ» ተብሎ ሱቅ ይላካል። ሲመለስ እዚያው ክፍል ጥግ ይዞ የቤት ሥራውን ይሠራል። ይህ ደብዳቤ ለቢሮው የሚጻፈው ስለዚያ ልጅ ነው።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2006 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ መቀሌ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ማጨስን ከልክላ ሌሎች ከተሞችን ቀደመች። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሕዝብ በሚጠቀምባቸው ቤቶች፣ በሥራ ቦታና በትራንስፖርት ውስጥ ማጨስን አገደ፤ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከገበያ አስወጣ፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥንም ከለከለ። ያ ሱቅ የተላከው ልጅ ገና በመጀመሪያው እርምጃው ሕግ ተጥሶበታል ማለት ነው።

አዋጁ ግን የመኖሪያ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል። መቆሙም ተገቢ ነው፤ ፖሊስ ሳሎን እየገባ የሲጋራ መተርኮሻ እንዲቆጥር የሚፈልግ የለም። ችግሩ፣ ሕጉ በቆመበት ቦታ ምክሩም አብሮ መቆሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ በተካሄደው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ሰው ከመቶ 5 ነበር። በገዛ ቤቱ ለሌላ ሰው ጭስ የተጋለጠው ግን ከመቶ 12.6 ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ የጠየቀው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ብቻ ነው። ከቤት የማይወጡት ሕፃናት በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም።

ጉዳቱ በግምት የሚወራ አይደለም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ታኬሺ ሂራያማ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ከ91 ሺህ የሚበልጡ፣ ራሳቸው የማያጨሱ ሚስቶችን ለ14 ዓመታት የተከታተለበትን ውጤት አቀረበ። ባሎቻቸው አብዝተው የሚያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ባሎቻቸው ከማያጨሱት ከፍ ያለ ነበር። የትምባሆ ኩባንያዎች ውጤቱን ለማጣጣል ብዙ ደከሙ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን እሱኑ ደገፉ። ሕፃናት ላይ ሲደርስ ጭሱ አስምን ያባብሳል፣ የሳንባ ምችና የጆሮ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ በጨቅላነት በእንቅልፍ ላይ በድንገት የመሞት አደጋንም ይጨምራል። ቬንትሌተር አያድንም። እንዲያውም ከፍራሹ ጥግ ያለውን ጭስ ልጁ ወደተቀመጠበት ጥግ ያደርሰዋል። የአሜሪካ የጤና ዋና ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሪፖርት መስኮት መክፈትም ሆነ አየር ማናፈስ በቤት ውስጥ ያለን ሰው ከጭሱ እንደማይከላከል፣ ጉዳት የሌለው መጠን የሚባል ነገርም እንደሌለ ተገልጿል። (የእጣንና የከሰል ጭስስ የሚል አይጠፋም። እሱም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፤ አንዱ ግን ለሌላው ማስተባበያ አይሆንም።)

አሁን ደግሞ ወጣቶቹ ይዘውት የሚዞሩት፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ቬፕ የሚባል የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ መጥቷል። ወደ ወደብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ከተማ የተከለከለ ዕቃ መገኘቱ አዲስ ወሬ አይደለም። አዲሱ ነገር እናቶች «ተን እኮ ነው» ተብለው መታለላቸው ነው። ተን ብቻ አይደለም፤ ኒኮቲንና እስከ ሳንባ ጥልቀት የሚወርዱ ረቂቅ ብናኞች አሉበት። የሺሻው ከሰል በበኩሉ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቅቃል።

ድሬ ትልቅ ትንሹን «አንተ» የምትል፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ ከተማ ናት። ሆኖም እንግዳን «ውጭ ወጥተህ አጭስ» ማለት ለቤቱ እመቤት ዛሬም ይከብዳታል። እዚህ ላይ ነው የቢሮው እጅ የሚያስፈልገው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ስለ ክትባት፣ ስለ መፀዳጃ፣ ስለ እርግዝና ይጠይቃሉ። «በዚህ ቤት ውስጥ ይጨሳል ወይ? ልጆቹ የት ይተኛሉ?» የሚል ጥያቄም ይጨመር። መልሱ በቤተሰቡ ማህደር ላይ ይስፈር። እመቤቲቱም «የጤና ባለሙያዋ ከልክላናለች» ብላ እንግዳውን የምትመልስበት ሰበብ ታግኝ።

ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ስትከለክል አጫሾች ጭሱን ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ በአስም ሆስፒታል የሚገቡ ልጆች ቁጥር ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ መንግሥት ወላጆችን «አቁሙ» ከማለት ይልቅ «ከቤት ውጡና አጭሱ» የሚል ዘመቻ ጀመረ። ለድሬዳዋም የሚቀለው ይኸኛው ነው። አብዛኛው ግቢ ጥላ ያለው ዛፍ ወይም በረንዳ አያጣም።

ገንዘብ እየተከፈለ የሚቃምባቸው ቤቶች ግን የተለዩ ናቸው። ባለቤቶቹ «የመኖሪያ ቤታችን ነው» ይላሉ። ደንበኛ የሚገባበት፣ ከጓዳው ልጅ የሚያድግበት ቤት አዋጁ የሚመለከተው ቤት ነው፤ ቢሮው ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ሆኖ ይህን በግልጽ ይንገራቸው።

የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ግንቦት 23 ይከበራል፤ ሙቀቱ የሚብስበት፣ ሰዉም ከሰዓት በኋላ ከቤት የማይወጣበት ወቅት ነው። ቢሮው ለዚያ ቀን ከሚያሠራው ባነርና ቲሸርት በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች በኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ቅጽ ላይ አትሞ ያድርስ። የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት መልስም ቀበሌ በቀበሌ ለነዋሪው ያሳውቅ።