የፈተና ዘዴና ሁለቱ ስሕተቶች

በስደት ዓለም በምንገኝ ተማሪዎች መካከል ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሥር ሰደዋል። አንደኛው፣ «የባዕዳንን የፈተና ዘዴ ማጥናት አጎብዳጅነት ነው፤ ዕውቀት ያለው ሰው ዘዴ አያስፈልገውም» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ዘዴ አምላኪ ነው፤ የተዘጋጀ ድርሰት ከደላላ ገዝቶ፣ በቃሉ ሸምድዶ ለመሻገር ይመኛል። ሁለቱንም አጥብቀን እንቃወማለን።

ለመጀመሪያዎቹ የምንለው ይህ ነው። ቶፍል እ.ኤ.አ. በ1964፣ አይልትስ በ1989 ከተጀመሩ ወዲህ የዩኒቨርሲቲ በር ጠባቂዎች ሆነዋል። ውጤታቸው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ በመሆኑ የወደቀም የዘገየም ዳግመኛ ይከፍላል። ከፋዩም ሌሊቱን ሳሕን ሲያጥብ የሚያድረው ስደተኛ ነው። በኩራት የወደቀ ጓድ በሥርዓቱ ላይ ያደረሰው ጉዳት የለም፤ የባከነው የራሱ ዕድሜ ነው።

ደግሞስ የሚጥለን ሁልጊዜ የዕውቀት ጉድለት ነውን? በአይልትስ የንባብ ክፍል ለ40 ጥያቄዎች የሚሰጠው 60 ደቂቃ ነው። ከፊደል ቆጠራ ጀምሮ ቃል በቃል ማንበብን የለመድን እኛ በመጀመሪያው ምንባብ ላይ ስንዳክር ሦስተኛው ሳይነካ ሰዓቱ ያልቃል። ጥያቄውን አስቀድሞ ማንበብ፣ ለእያንዳንዱ ምንባብ 20 ደቂቃ መድቦ ማለፍ፣ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ስለማያስቀንስ አንድም ቦታ ባዶ አለመተው፤ ይህ ሁሉ በልምምድ የሚገኝ ነው። «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «አልተጠቀሰም» በሉ ስንባልም፣ ጽሑፉ ያላለውን እኛ ስለምናውቀው ብቻ «እውነት» እንላለን። ክርክር የለመደው አእምሯችን ምስክሩ ሳይናገር ይፈርዳል።

በድርሰቱም እንዲሁ ነው። በሰምና ወርቅ ያደግን በመሆናችን ፍሬ ነገሩን ሸፍነን፣ አንባቢው ቆፍሮ እንዲያገኘው እንተዋለን። ፈታኙ ግን ወርቁን በመጀመሪያው አንቀጽ ይፈልጋል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 250 ቃላት ሲጠይቀን፣ አቋማችንን አስቀድመን ገልጠን በየአንቀጹ አንድ ምክንያት ከነማስረጃው ማቅረብ ይገባናል። በዚህም ቅኔያችንን አንክድም፤ የሰው ቤት ደጃፍ በየት በኩል እንደሆነ እናውቃለን።

ለሁለተኞቹ ደግሞ እንዲህ እንላለን። የተሸመደደ ድርሰት የለመደ ፈታኝ ቶሎ ይነቃበታል። ሳይነቃበት ቢያልፍ እንኳ፣ በመጀመሪያው ቀን ትምህርት የመምህሩ ንግግር ሳይገባው አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠው ያው ሰው ነው። ያን ጊዜ ደላላው አጠገቡ የለም። ዘዴ ያለንን ዕውቀት በጊዜው ያወጣልናል፤ የሌለንን ግን አይፈጥርም። ወንፊት ዱቄት ይነፋል እንጂ እህል አያበቅልም።

ስለዚህ በየከተማው የሚገኙ የማኅበራችን ቅርንጫፎች የጥናት ቡድን ያቋቁሙ። ሰዓት ይዘው አብረው ይለማመዱ፤ አንዱ የሌላውን ድርሰት ያለ ይሉኝታ ይተች። ፈተናውን ያለፈ ጓድ ያወቀውን በነፃ ያካፍል። በር ጠባቂው ሊያልፍ የሚፈቅደው አንድ በአንድ ነው፤ ዝግጅታችን ግን የጋራ ይሁን። የተሻገረ ለቀረው ድልድይ ይሁን!